ላልቶ ይነበብ

እትዬ ጽጌማርያም በማለዳ ተነስታ ቡፌውን ከፍታ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ማክዳ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ስታያት መጀመሪያ ሕልም መሰላት፤ እነዚያ ብርጭቆዎች ለፋሲካ ካልሆነ ከቡፌው አይወርዱም፣ ለፋሲካም ቢሆን እንግዳው የንስሐ አባት ካልሆኑ አይወርዱም። ቁምሳጥኑ አፉን ከፍቷል። ግድግዳው ላይ የነበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ወርዶ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ እንደ ታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነበር። በዚህች የቀበሌ ቤት ጠዋት ያለ ጩኸት ነግቶ አያውቅም። እትዬ ጽጌ የሟች እህቷን ልጅ ማክዳን ከአምስት ዓመቷ ጀምራ ስታሳድግ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ በሩን በርግዳ «ተነሺ!» ትላለች፤ ማክዳ አትነሳም፤ ደግማ ትጮሃለች፤ ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። ዛሬ ግን ማንም አልጮኸም።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ተነሺ ተባልና» አለች አክስቷ ቀና ሳትል። ሺን ጠበቅ አድርጋ ነው ያለቻት፤ የቢሮ ሰዎች «የልማት ተነሺ» ሲሉ እንደሚያጠብቋት። «ትናንት አመሻሽ ላይ ለጥፈውት ሄደዋል። ሦስት ቀን ነው የሰጡን።»

ከዳገቱ ሥር የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ለልማት ከተነሳ ወዲህ በዚህ መንደር የሚኖር ሰው ሁሉ እንቅልፉ የወፍ እንቅልፍ ሆኗል። ከታች ያሉት ቤቶች ሄደው ሰፊ አስፋልትና ዘንባባ ሲተካቸው፣ ዳገቱ ላይ ያሉት ሠላሳ ምናምን ቤቶች ማን እንደረሳቸው ሳይታወቅ ቀሩ። መረሳት ትልቅ ጸጋ መሆኑን መንደርተኛው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው እንኳ «ቀስ በል፣ እንዳያስታውሱን» ይባላል። ወረቀት የያዘ ሰው በመንደሩ ካለፈ፣ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን መንገድ የጠፋበት እንግዳ፣ ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ጥሎላቸው ይሄዳል። እንግዲህ የፈራነው ደረሰ፣ አለች ማክዳ በልቧ። ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን ራሷን አሳፈራት። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፣ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክዳ ከዐሥር ወር በፊት «ጌም ልሠራ ነው» ብላ ደህና መሥሪያ ቤቷን ስትለቅ እትዬ ጽጌ አልተቆጣችም፤ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ደግሞ ከቁጣዋ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ለማክዳ መንገር የፈለገችውን ሁሉ የምትነግረው ለራዲዮኑ ነው። «ሥራ ያለው ሰው እስካሁን አይተኛም» ትለዋለች ራዲዮኑን። «ሽሮ አለ፣ የሚበላ ካለ ይብላ» ትለዋለች። ራዲዮኑም ዜናውን ይቀጥላል። ፊት ለፊት የምትላት አንዲት ቃል ብቻ ተርፋለች፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ከነተግሣጿ የምትጮኻት ናት። ማክዳ የዚያች ቃል ዋጋ ስለገባት የሥራዋን ስም «ተነሺ» አለችው። ስልኳን ትራሷ ሥር ደብቃ የአክስቷን ጩኸት ሠላሳ ጠዋት ቀዳችና ዐሥራ ሰባቱን መርጣ ሥራው ውስጥ አስገባቻቸው። እትዬ ጽጌ ይህን አታውቅም።

ሥራው በስልክ የሚነበብ ልቦለድ ነው፤ ሥዕል አለው፣ ድምፅ አለው፣ አንባቢው ልጅቷ ምን እንደምትመልስ እየመረጠላት ይሄዳል፣ ታሪኩም እንደ ምርጫው መንገዱን ይለውጣል። ሲጀምር ጨለም ያለች ክፍል፣ ጥጓ ላይ ቡፌ፣ አንድ ብርድ ልብስና በበሩ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን ይታያል። «ተነሺ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሥር ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ «እሺ፣ እነሳለሁ» እና «አልነሳም» የሚል። እነሳለሁ ያለ ሰው ወደ ታሪኩ ይገባል፤ ልጅቷም እናቷ ሳትልከው የሞተችበትን ደብዳቤ ለባለቤቱ ለማድረስ ፒያሳን ስታካልል ትውላለች። አልነሳም ያለ ግን እዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ ይቆይና ሌላ፣ ከፊተኛው የባሰ ጩኸት ይወርድበታል። ጽሑፉን የጻፈች፣ ሥዕሉን የሣለች፣ ኮዱን የቀመረች ማክዳ ብቻዋን ናት። «ድርጅትሽ ስንት ሠራተኛ አለው?» ሲሏት «እኔና ብርድ ልብሴ» ትላለች።

መሥራቱስ ተሠራ። ጉድ የፈላው ማስተዋወቁ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልቆፈረችው ጉድጓድ የለም። ቲክቶክ ላይ የለቀቀችውን ቪዲዮ ዐርባ ሰው አየው፤ ከዐርባው ዐሥራ አንዱ ራሷ ነበረች። ከሦስት የቴሌግራም ግሩፕ «ማስታወቂያ ክልክል ነው» ተብላ ተባረረች። ስመ ጥር የሆነ ቲክቶከር በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የጠየቃት ዋጋ ኮምፒውተሯን ሸጣ የማትሞላው ነበር። ምኒልክ አደባባይ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቆማ ወረቀት ስታድል አንድ ሰውዬ በጥሞና አነበቡና «የኔ ልጅ፣ የሚከራየው ቤት ስንት ክፍል ነው?» አሏት። አንድ ካፌ ባንኮኒው ላይ የተወችውን ወረቀት ደግሞ በማግስቱ ስልሳ አምስት ብር የከፈለችበትን ማኪያቶ ስትጠጣ አገኘችው፤ በአራት ታጥፎ የሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቷል። ማክዳ ሳቀችም፣ አለቀሰችም፣ ማኪያቶውን ግን ጨረሰች።

መጨረሻ ላይ የተገኘው ተስፋ ኢዩኤል ነው። ይህ ልጅ ቅዳሜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አዳራሽ ለጀማሪ ሠሪዎች መድረክ ያዘጋጃል፤ መድረኩ ላይ የወጣ ሰው ሥራውን በትልቅ ስክሪን ያሳያል፣ የሚያሳትምለትና የሚያሠራውም ሰው ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያያል። «ምዕራፍ አንድን የጨረሰ አምስት መቶ ሰው እስከ ረቡዕ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካገኘሽ ቦታው ያንቺ ነው» አላት። ማክዳም ያንኑ ዕለት ለአክስቷ፣ ለራዲዮኑ እየነገረች፣ ቃል ገባች፦ ቅዳሜ መድረክ ላይ ካልወጣች ሰኞ ጋሽ ገነነ የቧንቧ ዕቃ መደብር ተቀጥራ ትገባለች። ጋሽ ገነነ ደግሞ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ የምትቀመጥበትን ወንበር ገዝተው ፕላስቲኩን ሳይቀድዱ አስቀምጠውላታል።

ትናንት ማታ ምዕራፍ አንድን የጨረሰው ሰው ስልሳ አንድ ነበር። አሁን ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ ከፈተችና ዐይኗን አሸች። ጨራሹ ስልሳ ሦስት ነው። ሥራውን የከፈተው ሰው ግን ስምንት መቶ ዐርባ ይላል። እያየችው ስምንት መቶ ዐርባ አራት ሆነ። ስምንት መቶ ሃምሳ! «ወይኔ!» ብላ ከአልጋው ላይ ዘለለች።

እትዬ ጽጌ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ መጣች። የማክዳን ትከሻ ያዘችና፣ ከዐሥር ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራዲዮኑን ሳይሆን እሷን አየች። «አይዞሽ» አለቻት። «የትም ቢወስዱን አብረን ነን። አልጋሽን እኔ እፈታዋለሁ፣ አንቺ አታልቅሺ።» ማክዳ በደስታ ያበጠ ልቧ እንደ ተነፈሰ ኳስ ሙሽሽ አለ። ቤታቸው ሊሄድ ነው፣ እሷ ደግሞ በቁጥር ትጨፍራለች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ ብላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

መንገድ ላይ ሆና ስታስበው ግን አንድ ነገር አልገጥም አላት። ያ ሁሉ ሰው ከፍቶ ለምን አይጨርስም? ገጹን ዝቅ አድርጋ አየች። «አልነሳም» የሚለው ስድስት ሺህ ጊዜ ተጭኗል። እስከ ዛሬ የሞከረው ሰው ሁሉ አንዴ ወይ ሁለቴ አልነሳም ብሎ ስቆ ይነሳ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ከሁለቱ በቀር አንዱም አይነሳም። አምስተኛው ጩኸት፣ ዘጠነኛው ጩኸት፣ ዐሥራ ሁለተኛው ጩኸት ድረስ ችክ ብለው «አልነሳም» ይላሉ። ይህን ያህል እንቅልፋም ሕዝብ ከየት መጣ?

ከእድሩ ቤት ወዲህ ባለው ግንብ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ጓደኛዋ ተስኒም ከሰዎቹ ኋላ ቆማ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛለች፤ ማክዳን ስታይ በእጇ «ነይ፣ ነይ» አለቻት። ማክዳ በሰዎቹ ትከሻ መሀል ተንጠራርታ ግንቡን አየች። የራሷ ወረቀት ነው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ከተስኒም ጋር ከዚህ መንደር እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ መቶ ሃያ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ማጣበቂያውም የእትዬ ጽጌ ፉርኖ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ነበር። ወረቀቱ መጀመሪያ ባለ ቀለም ሥዕል ነበረው። ማተሚያ ቤቱ ለባለ ቀለሙ ዐርባ ብር፣ ለጥቁርና ነጩ አምስት ብር ሲላቸው ሥዕሉ ቀረ። ርእሱ «ተነሺ!» ተብሎ ቃለ አጋኖ ነበረው። «አቦ ያስጠላል፣ እንደ ሰልፍ መፈክር ነው፣ አውጪው» ብላ ተስኒም አስወጣችው። ከሥር «ሦስት ቀን ቀርቷል» ይላል፤ ሙሉው ሥራ ቅዳሜ ይወጣልና። ከዚያ በታች፣ ትልልቅ ሰዎችም ሊያነቡት ስለሚችሉ ማክዳ ተጠንቅቃ በአክብሮት ጻፈችው፦ «ምርጫዎን ከወዲሁ ያሳውቁ»። ከሥሩ በስልክ ካሜራ ሲነሳ ሥራውን የሚከፍት ባለ አራት ማዕዘን ኮድ አለ። ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። ማክዳ ዐሥር ወር ሙሉ ያቺን ቃል አላልታ ስታነባት፣ ጠብቃም እንደምትነበብ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላላትም። ሲላላ አክስቷ ከእንቅልፍ የምትቀሰቅስበት ቃል ነው፤ ሲጠብቅ ግን ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው ስም ነው።

«ተሲ፣ ገደልኩት» አለች ማክዳ በሹክሹክታ።

«ሼም ነው ወላሂ» አለች ተስኒም፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «የኛ ሰፈር ሳይቀር ደርሷል። አጎቴ ጠዋት ኮዱን አንስቶ ዐሥር ጊዜ አልነሳም አለ። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ ብነግረው ማን ይስማኝ! ድምፅ እየቆጠሩ ነው ብሎ ለዘመድ ሁሉ ላከው።» ከዚያ ወደ ማክዳ ጠጋ አለች። «ስሚ፣ ለምን ዝም አትይም? ቁጥሩ እየሮጠ ነው። ሲደክማቸው እነሳለሁ ይላሉ፣ አምስት መቶሽ ይሞላል፣ ነገ ታስረጂያለሽ።»

ማክዳ ዋሽታ ባታውቅ ኖሮ «አይሆንም» ትል ነበር። እውነቱ ግን፣ ዝም ማለቱን አሰበችበት። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ አልፏል፤ ከዘጠኝ መቶው ግማሹ ቢሰለቸው መድረኩ የእሷ ነው፤ የጋሽ ገነነ ወንበር ከነፕላስቲኩ ይቀራል። ከፊቷ የቆሙ አንዲት አሮጊት ግን ስልክ የያዘችውን ልጃቸውን «ደግመሽ ተጫኚው፣ ምናልባት አልደረሳቸው ይሆናል» ሲሏት ሰማች። በዚያው ቅጽበት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ሰው ሲሞት ነው የሚነፋው። ጥሩምባ ነፊው ግን «ማንም አልሞተም፣ መንደሩ ነው የሚሞተው፣ በአራት ሰዓት እድሩ ቤት!» እያለ አለፈ።

እድሩ ቤት አራት ሰዓት ሳይሞላ ጢም ብሎ ሞላ። ቦታ ያጣ ሰው በተገለበጠው የእድሩ ድስት ላይ ተቀምጧል። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ ዐርባ ዓመት ፒያሳ ላይ ሙሉ ልብስ የሰፉ፣ ዛሬም ከረባታቸውን ሳያስሩ ደጅ የማይወጡ ሽማግሌ። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ የልጅ ልጃቸውን ስልክ አስቀምጠው በአንድ ጣታቸው ይጫናሉ፤ ልክ መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው ግንባራቸውን ቋጥረዋል። ሌላውም ሁሉ ስልኩን ይዟል። ቤቱ በሙሉ በአንድ ሴት ጩኸት ይናጋል። ከዚህ «ተነሺ!»፣ ከዚያ «ፀሐዩ አናትሽ ላይ ወጣ እኮ!»፣ ከወዲያ «የሰው ልጅ ሥራ ይዞ ተመለሰ፣ አንቺ ገና ከአንሶላ አልወጣሽም!» ይላል። ሰዉም ለእያንዳንዱ ጩኸት «አልነሳም» እየተጫነ ይመልሳል።

«ዘመኑ ነው» አሉ አንድ ሰውዬ። «ድሮ በደብዳቤ ነበር የሚሰድቡን፣ አሁን በድምፅ ሆነ።»

«ክፍሉን አያችሁት?» አለች ከኋላ ያለች ሴትዮ። «ቤታችን ገብተው አንስተውታል። ይሄ ቡፌ የጽጌማርያም ቡፌ አይደለም? ግራ በኩል መስታወቱ የተሰነጠቀው?»

ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። ከዚያ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ ገና ከበሩ እየገባች ወዳለችው ወደ እትዬ ጽጌ ዞረ። እትዬ ጽጌ እጇ ላይ ሲባጎ ይዛለች፤ ዕቃ ስታስር ነው ጥሩምባውን የሰማችው።

«ጽጌ» አለች ሴትዮዋ፣ «ያንቺ ድምፅ ነው። አንቺ ነሽ እንዴ የምታስነሺን?»

እትዬ ጽጌ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከአንዱ ስልክ የራሷ ድምፅ «ተነሺ! ዛሬስ ውሃ ነው የምደፋብሽ!» ሲል ሰማች። ፊቷ ልጥ መሰለ። ሠላሳ ዓመት በዚህ እድር ወጥ ሠርታለች፣ ለቅሶ ደርሳለች፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ ተነጋግራ አታውቅም። አሁን ይኸው ጎረቤቷ ሁሉ እንደ ሰላይ ያያታል። ማክዳ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች በደንብ አታስታውስም። ተስኒም እንደነገረቻት ግን ድስት ላይ ወጥታ ነበር።

«የኔ ነው!» ብላ ጮኸች። «ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ! ማንም ተነሺ አላላችሁም! ላልቶ ነው የሚነበበው፤ ተ-ነ-ሺ! ጠዋት ከእንቅልፍ ተነሺ! ጨዋታ ነው፣ እኔ የሠራሁት ልቦለድ ነው። ድምፁን ከእትዬ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም፤ እሷ ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆ ስትጠቀልል ነው የዋለችው።»

ጉድ ፈላ። የሚሰድባት አለ፣ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን አለ፣ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ የሚል አለ። አንዷ በደስታ ታለቅሳለች፣ አንዱ «ዕቃዬን ለወንድሜ ቤት አስጭኜ ልኬዋለሁ እኮ፣ ማን ሊመልስልኝ ነው?» ይላል። ማክዳ ድስቱ ላይ እንደቆመች በቃ፣ አበቃ፣ አለች በልቧ፤ አሁን ሁሉም ያጠፉታል፣ ሰኞ ቧንቧ እሸጣለሁ። በዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል ግን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቀና አላሉም። ጆሯቸው ከበድ ይላልና የሰሙም አይመስሉም፤ በአንድ ጣታቸው መጫናቸውን ቀጥለዋል። አልነሳም። አልነሳም። ዐሥራ አምስተኛው ጩኸት አለፈ። ዐሥራ ስድስተኛው አለፈ። ማክዳ ቆጥራ ደነገጠች። ዐሥራ ሰባተኛው ጋ እስከ ዛሬ የደረሰ ሰው የለም።

ዐሥራ ሰባተኛው ጩኸት አልነበረም። ሽማግሌው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማው። የበር መከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ያቺው ሴት፣ ሰው እንዳይነቃባት በሚጠነቀቅ ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦

«እሺ፣ አትነሺ። ተኚ ልጄ። ደክሞሽ ነው።»

ቀጥሎ ብርድ ልብስ ሲስተካከል፣ በሩም ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ። ያን የቀዳችበት ቀን ማክዳ እስኪነጋ ስትሠራ አድራ፣ አክስቷ ስትገባ የተኛች መስላ ነበር። ያቺን ድምፅ ልትጥላት አልቻለችም፣ ለሰው ልታሳያትም አፈረች፤ ስለዚህ ማንም ከማይደርስበት ቦታ ደበቀቻት። አሁን መቶ ሰው ሰማት። እትዬ ጽጌ ሲባጎውን እንደያዘች ወደ መሬት አቀረቀረች። ማክዳም ሌላ ቦታ አየች። ሁለቱም ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ይህን ያላየ ዕውር ብቻ ነው።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ» አሉ፣ «በሰማንያ ዓመቴ ያላነበብኩት ማስታወቂያ የለም። የነጭም፣ የጥቁርም፣ የቀይም አንብቤያለሁ። አትነሺ የሚል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ይሄ እንኳን የቢሮ አይደለም፤ ይሄ የሰው ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያቺ እትዬ ጽጌን የጠረጠረች ሴትዮ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ገነነ ከጥግ ብድግ ብለው «ታዲያ ይቺ ልጅ እነሳለሁ ካልናት ምንድነው የምትሆነው?» ሲሉ ሁሉም የየራሱን ስልክ አየ። አንዱ ተጫነ፣ ሌላውም ተከተለ። ልጅቷ ከብርድ ልብሷ ወጥታ ደብዳቤውን አገኘች። እድሩ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሰው በአንድ ታሪክ ላይ አቀርቅሮ ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማክዳ እስክታረጅ የምታወራው ነው። ወሬውን የላከ ሁሉ ማስተባበያም ላከ፤ ማስተባበያው ደግሞ ከወሬው ፈጠነ። «ጨዋታ ነው፣ እነሳለሁ በሉና እዩ፣ ደብዳቤው የማን እንደሆነ የደረሰበት ይንገረኝ» እያሉ ለልጆቻቸው፣ ለዘመዶቻቸው፣ ኮንዶሚኒየም ለተሰጣቸው የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ሳይቀር ላኩት። ማክዳና ተስኒም ቀይ እስክሪብቶ ይዘው፣ ግማሽ መንደር አስከትለው፣ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ በመቶ ሃያውም ወረቀት ላይ «ላልቶ ይነበብ!» ብለው ጻፉ። ይህን ጽሑፍ ያየ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ «ምኑ ነው ላልቶ የሚነበበው?» እያለ ስልኩን ያወጣል። ሁለት ሳምንት ለምና ያላገኘችው መንገደኛ፣ አሁን ተሰልፎ ያነባል። ሰባት ሰዓት ላይ ጨራሹ ሁለት መቶ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሰባ። ዐሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የጋሽ ገነነ ሱቅ በራፍ ላይ ቆመው ሳሉ፣ አምስት መቶ አንድ። ተስኒም እልል አለች፤ ጋሽ ገነነም ነገሩን ሳያጣሩ አብረው አጨበጨቡ። ሲገባቸው ግን ወንበሩን አዩና «ፕላስቲኩን እንኳን አልቀደድኩት» አሉ።

ኢዩኤል ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። ማክዳ ወረቀቱን፣ ጥሩምባውን፣ ድስቱን ሁሉ ሳታስቀር ነገረችው፤ በማታለል የመጣ ቁጥር ነው ካልክ ቦታውን ውሰደው አለችው። ኢዩኤል እስኪያስለው ሳቀ። «ደንግጦ የገባውንማ አልቆጠርኩልሽም» አላት። «የቆጠርኩልሽ ሳይሄድ የጨረሰውን ነው። ስድስት መቶ ደርሷል። ቅዳሜ አትዘግዪ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ግንቡ ሥር ስልኩን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «እርስዎስ አባባ፣ ደብዳቤውን አገኙት?» አለቻቸው።

«እኔ አልተነሳሁም» አሉ ኮስተር ብለው። «ጨዋታም ቢሆን አፌን ሞልቼ እነሳለሁ አልልም። ያቺ ሴት አትነሺ ካለች በኋላ ግን ስክሪኑ ጨለመብኝ። ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም የለም አባባ። እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«እንግዲህ አለ» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። «ሦስት ቀን አለሽ፣ ጻፊበት።»

ማክዳ እየሮጠች ገባች፤ የምትጽፈው ከአሁኑ ጭንቅላቷ ውስጥ ይንጫጫል። ቤቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። ብርጭቆዎቹ ቡፌው ውስጥ ናቸው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግድግዳው ላይ ወጥቷል። እትዬ ጽጌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ መነጽሯን ትጠርጋለች። ራዲዮኑ ተዘግቷል።

«ፉርኖ ዱቄቴንም አንቺ ነሽ የጨረስሽው» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ እጮሃለሁ?»

«ከዚህ ይብሳል እትዬ። ቀለል ያለውን ነው የመረጥኩት።»

እትዬ ጽጌ ሳቋ አመለጣት። ማክዳ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል በሩ ጥግ አንድ ካርቶን አየች፤ ዙሪያውን በሲባጎ ታስሯል፣ ቋጠሮውም አልተፈታም።

«ይሄስ? አልፈታሽውም?»

«እሱ ባለበት ይሁን» አለች አክስቷ በረጋ ድምፅ። «አንቺ አላልተሽ ጻፊው እንጂ፣ አንድ ቀን አጥብቆ የሚያነበው አይጠፋም።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «በይ አሁን ስልክሽን አምጪ። ሰው ሁሉ አይቶት እኔ ብቻ ልቅር?»

ማክዳ ከፍታ ሰጠቻት። ጨለም ያለችው ክፍል መጣች፣ ብርድ ልብሱ መጣ፣ በበሩ ስንጥቅ ብርሃኑ ገባ። «ተነሺ!» አለ ድምፁ። እትዬ ጽጌ ከራሷ ድምፅ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ መነጽሯን አስተካክላ ሁለቱን ምርጫዎች በጥንቃቄ አነበበች። ወደ ቡፌው አየች፣ በሩ ጥግ ወዳለው ካርቶን አየች። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ተነሺ ስትል የኖረችው ሴት ጣቷን ዘርግታ «አልነሳም» የሚለውን ተጫነች።